ከፈረሰው ቤት የተረፈ እንጨት

ሕንፃ ሁሉ በዘመን ብዛት ያረጃል። ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ጭቃው ይረግፋል፤ ክዳኑ ያፈሳል፤ በመጨረሻም ወይ በራሱ ይወድቃል፥ ወይ በሰው እጅ ይፈርሳል። እንጨቱ ግን ሁልጊዜ ከሕንፃው ጋራ አብሮ አይሞትም። ብዙ ትውልድ ክዳን ተሸክሞ የኖረ የጽድ ምሰሶ፥ የቆመበት ቤት በፈረሰ ጊዜ ገና ረጅም ዘመን ለማገልገል የሚችል ሆኖ ይገኛል። ያን ምሰሶ ያገኘው ሰው ምን ያደርገዋል? አንዱ ፈልጦ ያነደዋል፤ አንዱ በአጥር ጥግ ይጥለውና ምስጥ ይበላዋል፤ አንዱ ግን ጠርቦና አስተካክሎ በሌላ ቤት ውስጥ ዳግመኛ ያቆመዋል። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የኖሩ ሕዝቦች ታሪክ ይህን ሦስተኛውን ልማድ በብዙ ቦታ ያሳያል፤ ከዚያም ውስጥ እጅግ የታወቀው ታሪክ የሐበሾችን ስም የሚያነሣ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በተነሣበት ቦታ ተለይቶ ተመልክቷል።)

በ608 ዓመት ገደማ አንዲት የሮም መርከብ ዛሬ ጅዳ ካለችበት በስተ ደቡብ፥ በሹዐይባ ወደብ አጠገብ ተሰበረች። ሹዐይባ በዚያ ዘመን የመካ ወደብ ነበረች። የመርከቢቱን ነገር የጻፉልን የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሲሆኑ፥ ከእነርሱም ዋነኞቹ ኢብን ኢስሐቅና የመካን ታሪክ የጻፈው አል-አዝረቂ ናቸው። በዚያን ጊዜ በመካ የሚኖሩት የቁረይሽ ሰዎች ካዕባን አፍርሰው እንደ ገና ለመሥራት ይመክሩ ነበር። አሮጌው ካዕባ ያለ ጭቃ በደረቅ ድንጋይ የተካበ፥ ክዳን የሌለው፥ ቁመቱም ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ያለ ነበር ይባላል። ቁረይሾች ክዳን ሊያደርጉለት ፈለጉ፤ ነገር ግን በመካ ዙሪያ ለክዳን የሚሆን ረጅም እንጨት አይበቅልም። ስለዚህ የመርከቢቱ መሰበር በተሰማ ጊዜ አል-ወሊድ ኢብን አል-ሙጊራ ከሰዎች ጋራ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዶ እንጨቷን ገዛ፤ ከመርከቢቱ ሰዎች አንዱ የነበረውንም ባቁም የተባለውን አናጢ ይዞ ወደ መካ ተመለሰ።

ኢብን ከሢር ያቆየው አንድ ትውፊት ከዚህ አልፎ ሌላ ነገር ይጨምራል። መርከቢቱ የሮም ቄሣር ንብረት ነበረች፤ የጫነችውም ለሕንፃ የሚሆን እብነ በረድ፥ እንጨትና ብረት ነበር፤ ቄሣር ይህን ሁሉ ከባቁም ጋራ የላከው ፋርሶች ላቃጠሏት ለሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ነበር ይላል። ፋርሶች ባሕሩን ተሻግረው ወደ አክሱም አልመጡም፤ በ570ዎቹ ዓመታት ሐበሾችን ከየመን ያስወጡት ግን እነርሱ ስለ ሆኑ፥ የተቃጠለችው ቤተ ክርስቲያን በየመን የነበረች ሳትሆን አትቀርም። ትውፊቱ እውነት ቢሆን፥ ለሐበሾች ቤተ ክርስቲያን የታሰበው እንጨት በባሕር ላይ መንገዱ ተለውጦበት የካዕባ ክዳን ሆነ ማለት ነው።

አል-አዝረቂ የሥራውን ዐይነት ሳይቀር ዘርዝሮታል። ባቁም አስቀድሞ ክዳኑን ጠፍጣፋ ወይስ ሾጣጣ እንደሚፈልጉት ጠየቃቸው፤ እነርሱም ጠፍጣፋ ይሁን አሉ። ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፥ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደራረበ ተሠራ፤ የድንጋዩ ረድፍ 16፥ የእንጨቱ 15፥ በጠቅላላው 31 ረድፍ ሆነ። ቁመቱ 18 ክንድ ደረሰ። በውስጡ በሁለት ተርታ የቆሙ 6 ምሰሶዎች ክዳኑን ተሸከሙት።

ድንጋይና እንጨት የሚፈራረቁበት ግድግዳ ለዐረብ አገር እንግዳ ነገር ነበር፤ ለኢትዮጵያ ግን የቤቷ ሥራ ነው። በአክሱም ዘመን ልማድ፥ ረጃጅም አግዳሚ እንጨቶች በግድግዳው ፊት በውስጥም በውጭም ይጋደማሉ። ከእነርሱ ጋራ አጫጭር ተሻጋሪ እንጨቶች ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጡና ጫፋቸው ክብ ሆኖ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ ይህንንም ጫፍ ሰው የዝንጀሮ ራስ ይለዋል። የማያውቅ ሰው ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል። እንጨቱ ግን የግድግዳው ጅማት ነው፤ በጭቃ ብቻ የተያያዘው ድንጋይ ወደ ውጭ እንዳይነፋና እንዳይፈርስ ሁለቱን ፊት አጥብቆ ይይዛል። የአክሱም ሐውልቶችን የጠረቡት ሰዎች ይህንኑ የእንጨት ሥራ አንዲት ጫፍ ሳያስቀሩ በድንጋይ ላይ ቀርጸውታልና፥ ሐውልቱን ያየ ሰው የዚያን ዘመን ቤት አየ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት እንግሊዛዊው የሕንፃ ታሪክ ሊቅ ክሬስዌል በ1951 ባሳተመው ጥናት፥ የካዕባ ሠራተኛ ባቁም ሐበሻ ነበረ፥ ስሙም ዕንባቆም የሚለው ስም አጥሮ የተነገረ ነው ሲል ጻፈ። የዐረብ ጸሐፊዎች ግን አንዱ ሮማዊ ሲለው፥ ሌላው በመካ ይኖር ስለ ነበረ የግብጽ ቅብጥ አናጢ ይናገራልና፥ ነገሩ ተቆርጦ አላለቀም። ስለ ስሙ ከተነሣ አይቀር፥ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ የየመን ነጋዴ በተቃራኒው መንገድ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ዕንባቆም ተብሏል፤ እርሱም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት፥ አንቀጸ አሚንን የጻፉት አባ ዕንባቆም ናቸው።

የመርከቢቱ እንጨት በካዕባ ግድግዳ ውስጥ የቆየው ከመቶ ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው። በ683 አብዱላህ ኢብን አል-ዙበይር በመካ ተከቦ ሳለ እሳት ተነሣ፤ ግድግዳው የእንጨት ረድፍ ስለ ነበረው እሳቱ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ድንጋዩን ሰነጠቀው። ኢብን አል-ዙበይርም አፍርሶ በድንጋይ ብቻ ሠራው። የዝንጀሮ ራስ ያለው ግድግዳ ጥንካሬውም ድካሙም ከዚያው ከእንጨቱ የተነሣ ነው፤ ሻማና ጧፍ በሚበራበት ቤት የሚያገለግል ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

በየመን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ቀድሞ የአክሱም የጦር አለቃ የነበረው፥ በኋላ በየመን የነገሠው አብርሃ በስድስተኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ በሰንዓ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ ነበር። ዐረቦች አል-ቀሊስ ይሏታል፤ ቃሉም ኤክሌሲያ ከሚለው ከግሪኩ የመጣ ነው። ከሕንድ በመርከብ የሚመጣው ሳጅ የተባለው ጠንካራ እንጨት በውስጧ በብዛት ነበረ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፥ በአባሲዱ ከሊፋ በአል-መንሱር ዘመን፥ የየመኑ ገዥ አፈረሳትና ዕቃዋን ሸጠው። አል-አዝረቂ እንደሚተርከው የሰንዓ ሰዎች እንጨቱን ይፈሩት ነበር፤ ከእንጨቱ የገዛ አንድ የኢራቅ ሰው ለምጽ በወጣበት ጊዜም ከዚያ እንጨት የተነሣ ነው አሉ። የድንጋዩ ዕድል ግን የተለየ ነበር፤ በሰንዓ ታላቅ መስጊድ ውስጥ የመስቀል ምልክት ያለባቸው የጥንት የቤተ ክርስቲያን አምዶች እስከ ዛሬ ክዳን ተሸክመው ይታያሉ።

ከመካ በስተ ምሥራቅ ባለው በነጅድ ምድር እንጨት ከዚህም የበለጠ ብርቅ ነው። የሪያድ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቤታቸውን በጭቃ ጡብ ሠርተው፥ በላዩ አትል የሚባለውን የበረሃ ዛፍ ግንድ አጋድመው፥ የተምር ዝንጣፊ ደርበው በጭቃ ይከድኑ ነበር። በ1865 ገደማ የተሠራው፥ በ1902 አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ ሪያድን በያዙ ጊዜ የተዋጉበት የመስመክ ምሽግ ይህንኑ አሠራር ያሳያል። እንዲህ ያለው ቤት ሲፈርስ ግድግዳው ወደ አፈርነቱ ይመለሳል፤ ግንዱንና ሳንቃውን ግን ባለቤቱ መዝዞ ለሌላ ቤት ያውለዋል፤ ሌላ ከየት ያመጣል? ዛሬ በከተማይቱ ደቡብ ባለው በሺፋ ሰፈርና እንደ እርሱ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ቤቱ ሲሚንቶና ብረት ነው። በሪያድ ለእንጀራ ሲሉ ከሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ በዕረፍት ቀኑ መስመክን ቢጎበኝ፥ ቀና ብሎ ክዳኑን ሲያይ የአገሩን የጭቃ ቤት ማስታወሱ አይቀርም።

የእንጨት ብርቅነት ግን የበረሃ ሰው ብቻ ችግር አይደለም። በኢትዮጵያ ደን በሞላበት ዘመን እንኳ እንጨት እጅግ ውድ የሆነባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም የመጀመሪያው ደብረ ዳሞ ነው።

ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። ተሳላሚው 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ገመድ ተስቦ ይወጣል። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ ገብረ መስቀል ለአቡነ አረጋዊ ቤተ ክርስቲያን ባሠራ ጊዜ፥ ዕቃው የሚወጣበት መወጣጫ በገደሉ ላይ ተሠርቶ ነበር፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ጻድቁ መወጣጫው እንዲፈርስ አዘዙ፤ ዳሞ የሚለውም ስም «አፍርሰው» ከሚለው ቃላቸው የመጣ ነው ይባላል። ይህን ትውፊት የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የመነኮሳቱን ከዓለም መለየት ነው። ነገር ግን ያን ቀን የተቆረጠ ሌላም ነገር አለ። ከዚያ ወዲያ ምሰሶም ሆነ ማገር፥ ሳንቃም ሆነ ወራጅ፥ ወደ አምባው የሚገባው በገመድ ተጎትቶ ብቻ ነው። በአምባው ላይ ለእንዲህ ያለ ሕንፃ የሚበቃ ደን የለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ወደ ላይ የወጣ እንጨት ሁለተኛ ወደ ታች አይወርድም፤ ከአንዱ ሥራ ሲወጣ ወደ ሌላው ይገባል እንጂ።

የቤተ ክርስቲያኑ ርዝመት 20 ሜትር ያህል ነው፤ በቁመቱና በስፋቱ ከብዙ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ያነሰ ነው። በመግቢያው ክፍል ላይ ያለው ጣራ ግን በየሳንቃው እንስሳት ተቀርጸውበታል፤ አንበሳ፥ ዝሆን፥ ግመል፥ ሚዳቋ፥ ሌላም። በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን የምርምር ጓድ ወደ አክሱም በመጣ ጊዜ ከጓዱ ሰዎች ወደ አምባው ወጥተው ለክተውት፥ ፎቶግራፍም አንሥተውለት፥ በ1913 በታተመው ትልቅ መጽሐፋቸው አወጡት። በዚያን ጊዜም ሕንፃው አርጅቶ ነበር። በ1940ዎቹ ግን ነገሩ ባሰ፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው እንጨት በነቀዘበት በኩል ድንጋዩ የሚይዘው አጥቶ ነበር።

በ1948፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ግድም፥ እንግሊዛዊው የሕንፃ ባለሙያ ዴሪክ ማቲውስ ቤተ ክርስቲያኑን አደሰ፤ ከእንጨትና ከድንጋይ ከተሠሩትም ግድግዳዎች አንዱ እንደ ገና ተሠራ። የዚህ ሥራ ክብደት ለአንባቢ እንዲገለጥ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በዝንጀሮ ራስ ግድግዳ ውስጥ አንድ አግዳሚ እንጨት ቢበሰብስ ያን አንዱን ብቻ መዝዞ ሌላ ማስገባት አይቻልም፤ በላዩ ያለው ሁሉ በእርሱ ላይ ተቀምጧልና። ግድግዳው ከላይ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ መውረድ፥ የበሰበሰው ከደኅናው መለየት፥ ከዚያም ከታች ጀምሮ በነበረው ሥርዓት መነሣት አለበት። እንዲህ ካለው ሥራ አፍርሶ አዲስ መሥራት ይቀላል። ነገር ግን ቀላሉ መንገድ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ የአክሱም ዘመን አሠራር በቆመ ሕንፃ ላይ የሚታይበት ዋናው ምስክር ይጠፋ ነበር። ማቲውስና አንቶኒዮ ሞርዲኒ የሥራውንና የቤተ ክርስቲያኑን ነገር በ1959 አሳትመውታል። በቅርቡም፥ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተደረገው ጦርነት፥ ገዳሙ ጉዳት እንደ ደረሰበት በሰፊው ተዘግቧል፤ የ1906ና የ1948 ሰዎች የለኩት ልክ ለእንዲህ ያለው ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው።

አሮጌ እንጨት የሚፈለገው ግን ለታሪክ ምስክርነቱ ብቻ አይደለም። ከአዲሱ የሚሻልበት ምክንያት አለው። የደጋ ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ቀለበቱ የተጠጋጋ፥ በውስጡ ያለው ቅባትና ሽታ ምስጥን የሚያርቅ ነው። ወይራም እንዲሁ ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለው እንጨት በክዳን ሥር ብዙ ዓመት ሲኖር እርጥበቱን ጨርሶ ይሰጣል፤ ከእንግዲህ ወዲያ አይጣመምም፥ አይሰነጠቅም፥ መጣመም የሚገባውን ያህል አስቀድሞ ተጣሟልና። በ1890ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ከተቆረጠ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለሥራ ስለሚውል፥ በግድግዳው ላይ ቆሞ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ልስኑንም ይሰነጥቃል። ባሕር ዛፍ ደጉን አገር ከማገዶ ችግር ያዳነ ዛፍ ነው፤ ውለታው አይካድም፤ ሆኖም የጽድን ወንበር ሊቀመጥበት አይችልም።

አሮጌውን እንጨት መልሶ ለሥራ ማዋል የራሱ ጥበብ አለው። የምሰሶ ድካም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ ጫፍ ነው፤ በአፈር የተቀበረው እግሩ ይበሰብሳል፤ ክዳኑ የሚያፈስስበት ራሱ ይነቅዛል፤ ወገቡ ግን ደኅና ይሆናል። ዐዋቂ አናጢ በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፥ የነቀዘው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ከዚያም የሞተውን ጫፍ ቆርጦ፥ ምሰሶ የነበረውን ወራጅ፥ ወራጅ የነበረውን መቃን ያደርገዋል። ምስማር ካለበት መጋዙ ከመግባቱ በፊት ነቅሎ ይጨርሳል። የተረፈው እግር እንደ ገና በቀጥታ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በድንጋይ ላይ ሊቆም ይገባዋል። ከወፍራም ግንድ የተፈለጠ አንድ ወጥ ሳንቃ ሆኖ የተሠራው የጥንት የቤተ ክርስቲያን መዝጊያ፥ ያለ ማጠፊያ ብረት በገዛ ጫፉ ሽክርክሪት የሚዞር ስለ ሆነ፥ ከአሮጌው በር ወደ አዲሱ ለማዛወር የሚያስፈልገው ከላይና ከታች ሁለት ጉድጓድ ብቻ ነው። ዛሬ ያን ያህል ስፋት ያለው ሳንቃ የሚወጣው ግንድ የት ይገኛል?

በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን እንጨት እንደ ማንኛውም ቤት እንጨት አይደለም። ለእግዚአብሔር የተለየን ንዋይ ወደ ራስ ጥቅም ማዞር እንደማይገባ የሐዋርያት ቀኖና ያዝዛል። በምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው ምእተ ዓመት ግራጥያን የተባለው መነኩሴ በሰበሰበው የቀኖና መጽሐፍ ስለ እንጨቱ በተለይ የተወሰነ አለ፤ ከተቀደሰ ቤተ ክርስቲያን የወጣ እንጨት ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ይዋል፥ ያለዚያ በእሳት ይቃጠል፥ ወይም በገዳም ላሉ ወንድሞች መጠቀሚያ ይሁን፤ ወደ ምእመናን ቤት ግን አይግባ የሚል ነው። የሰንዓ ሰዎች በፍርሃት ያደረጉትን ይህ ሥርዓት በአክብሮት ያደርገዋል። ፍርሃት ከእንጨቱ ያርቃል፤ አክብሮት ግን ተገቢውን ቦታ ይፈልግለታል። በገዳም ውስጥ ደግሞ ቦታው አይጠፋም፤ የመነኮሳት በአት፥ የመጻሕፍት ሣጥን፥ ተሳላሚው ደክሞት የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ሁሉ ከዚያ ሊሠራ ይችላል።

ወደ ኢየሩሳሌም የሚወርዱ ተሳላሚዎች የሚያውቁት በቤተ ልሔም ያለው የልደት ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክዳኑ በ1479 ከቬኒስ በመጣ እንጨት ተሠርቶ፥ ከእንግሊዝ በተላከ እርሳስ ተሸፍኖ ነበር። ከ2013 ጀምሮ በታደሰ ጊዜ ባለሙያዎቹ ክዳኑን በሙሉ አውርደው አልጣሉትም፤ አግዳሚውን ሁሉ አንድ በአንድ መርምረው፥ የበሰበሰውን ክፍል ብቻ ቆርጠው በሌላ እንጨት ቀጠሉት። በሩቁ በጃፓን ደግሞ፥ እምነቱ ሌላ ቢሆንም፥ በኢሴ ያለው መቅደሳቸው በየ20 ዓመቱ ፈርሶ ከጎኑ አዲስ ይሠራል፤ የመጨረሻው የተሠራው በ2013 ነው። ዋናዎቹ አሮጌ ምሰሶዎች በወንዙ ድልድይ ላይ የሚቆመው የመግቢያ በር ይሆናሉ፤ 20 ዓመት በዚያ ካገለገሉ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ሄደው በር ሆነው ይቆማሉ። አንድ ግንድ ስድሳ ዓመት ሦስት ሹመት ያገኛል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ነገሥታትና ሕዝቦች ይህን ልማድ ሳይማሩት ያውቁት ነበር። ገበሬ ከቀየው ሲነሣ የጎጆውን ክዳን ጎረቤት ሁሉ ተሸክሞለት ወደ አዲሱ ቦታ ያደርስለታል። ዳግማዊ ምኒልክም በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት በማለቁ ምክንያት በ1900 ገደማ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ጀምረው ነበር፤ ከተማይቱ ሳትዛወር በቀረች ጊዜ ግን የተጀመረው ቤተ መንግሥት አልተጣለም፤ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለንጉሥ የተጠረበው እንጨት ለንግሥተ ሰማያት ዋለ።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በብዙ አጥቢያ ሕዝቡ ተባብሮ ሰፊና ብሩህ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ይነሣል፤ ይህ የሚመሰገን ነው፤ ሕዝብ በዝቶ ጠባቡ ቤት አልበቃ ሲል ምን ይደረጋል? ነገር ግን ሲሚንቶውና ብረቱ እስኪገዛ ድረስ ብዙ ዓመት ገንዘብ የሰበሰበው ኮሚቴ፥ አሮጌውን ለማፍረስ ሁለት ቀን ብቻ ይመድባል። ምሰሶው በገመድ ተስቦ ይወድቃል፤ መቃኑ ይሰበራል፤ የተቀረጸው መስኮት ከፍርስራሹ ጋራ ይከመራል። በሚቀጥለው ክረምት ከአጥሩ ሥር በዝናብ ይበሰብሳል፤ ወይም አንድ ሰው ከከተማ መጥቶ በጥቂት ብር ይገዛውና ከአገር ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ አሮጌ እንጨት ዋጋ የለውም ከሚል አሳብ የመጣ ነው። ዋጋው ግን በግቢው ውስጥ በቆመው ደን ይቆጠራል። በደቡብ ጎንደር ብቻ 1,400 ያህል የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንዳሉ ተቆጥሯል፤ ዙሪያቸው የታረሰ መሬት ሆኖ፥ የጥንቱ የደጋ ደን የተረፈው በእነርሱ ብቻ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። አሮጌው ምሰሶ ሲቃጠል ለአዲሱ በአት ወይም ለአዲሱ ቤተ ልሔም ከዚያ ደን አንድ ጽድ ይወድቃል።

ከማፍረስ በፊት ጥቂት ሳምንት መታገሥ ብዙ ያድናል። እያንዳንዱ እንጨት የነበረበት ቦታ በቁጥር ቢጻፍበት፥ ፎቶግራፍ ቢነሣ፥ ከላይ ወደ ታች ተፈትቶ ቢወርድ፥ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ነፋስ እየገባው በክዳን ሥር ቢከመር፥ ሊቃውንቱና አናጢው አብረው ተመልክተው ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን መለየት ይችላሉ። የደብረ ዳሞ ግድግዳ የተነሣው በዚህ ዐይነት ትዕግሥት ነው።

የ1906ቱ የጀርመን ጓድ ከደብረ ዳሞ ሌላ አንድ የዝንጀሮ ራስ ያላት ቤተ ክርስቲያን መዝግቦ ነበር፤ እርሷም በአሥመራ የነበረችው አሮጌዋ እንዳ ማርያም ናት። ግድግዳዋ እንደ ደብረ ዳሞ በድንጋይና በእንጨት ረድፍ የተሠራ ነበር። በአምባ ላይ ሳትሆን በሜዳ፥ መንገድ በሚደርስበት፥ አዲስ ዕቃ በቀላሉ በሚገኝበት ከተማ መካከል የቆመች ነበረች። በ1920 ገደማ ፈርሳ በቦታዋ አዲስ ሕንፃ ተተካ። ዛሬ መልኳን ለማየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ያ ጓድ በነደፈው ሥዕልና ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ ነው፤ የደብረ ዳሞን ለማየት የሚፈልግ ግን ገመዱን ይይዛል።